ፒካፗን ያድክሙልኝ

(ኮምቦልቻ፣ ረፋድ ላይ፤ ባሏ ይማም በመኪና አደጋ ከሞተ ዓመት ያልሞላት ዘምዘም፣ ልጇ ኑርዬ ትናንት ጋራዥ አቁሟት የሄደውን የአባቱን ፒካፕ ተደግፋ፣ እሱ ሳይደርስባት አንጋፋውን መካኒክ ጋሽ ወንዳፍራሽን ትለምናለች።)

ወንዳፍራሽ፦ አልችልም አልኩሽ እኮ ዘምዘም! ሰው መኪናዬ ደከመች ብሎ ይመጣል እንጂ መኪናዬን አድክሙልኝ ብሎ የሚመጣ የት አገር ነው ያለው?

ዘምዘም፦ ይኸው ኮምቦልቻ አለሁልዎ! ምን አለበት? የናፍጣ ፖምፓዋ ላይ ያለችውን ቪቴ፣ ያቺን ብሎን፣ ትንሽ ዞር ማድረግ ነው። ናፍጣ ሲያንሳት እሷም ትለግማለች፣ ልጄም አይበርም።

ወንዳፍራሽ፦ ስለ ቪቴ ደግሞ ማን አስተማረሽ?

ዘምዘም፦ የሹፌር ሚስት አልነበርኩም እንዴ! ይማም ወጡ ጣፈጠ ብሎኝ አያውቅም፤ ስለ ፖምፓ ሲያወራ ግን እራቱ ይቀዘቅዝ ነበር።

ወንዳፍራሽ፦ አላህ ይዘንለት፣ እውነትሽን ነው። እንግዲያው እንደ ሹፌር ሚስት ስሚኝ። ይህችን ፖምፓ ከፈት ባደርጋት ጉልበት ታገኛለች፤ ግን ጭሷ ሰፈር ያጠቁራል፣ ሞተሩም ይግላል። ትልቅ ፖምፓ ልግጠምላት ብል ደግሞ ዳገቱን እንደ ፍየል ትወጣዋለች፤ ከርሞ ግን ሞተሩን አውርጄ ሳለቅስ ታገኚኛለሽ። አጥብብ ያልሽኝ እንደሆነ…

ዘምዘም፦ ልጄ በሕይወት ይገባልኛል።

ወንዳፍራሽ፦ አይገባልሽም! ተሳቢ ሊቀድም ወጥቶ መሀል ላይ ጉልበት ስትከዳው ከፊት የሚመጣው ነው የሚቀበለው። ዳገት ላይ የቀረበትን ሰዓት ደግሞ ቁልቁለት ላይ ላካክስ ይላል። የደከመች መኪና ሰው ታሳብዳለች እንጂ አታስታግስም።

ዘምዘም፦ ታዲያ ይክፈቱለታ! ለዚሁ አይደል ያመጣት? በስልክ «ፖምፓዋን ጋሽ ወንዳፍራሽ ጋ አሳያታለሁ» ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። እንደ አባቱ ሊከንፍ ነው።

ወንዳፍራሽ፦ እንደሱ እንኳን አላለኝም።

ዘምዘም፦ እና ምን አለዎ?

ወንዳፍራሽ፦ ምንም። የደንበኛ ነገር ነው፤ ተይው። አንቺ ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ ሆኖብሽ ነው እንጂ ኑርዬ የሚከንፍ ልጅ አይደለም።

ዘምዘም፦ ይማምስ የሚከንፍ ነበር? ጋሽ ወንዳፍራሽ፣ ይማምን ምን ገደለው?

ወንዳፍራሽ፦ ምን ታስታውሺኛለሽ! ፍሬኑ ነዋ። የባቲ መንገድ ቁልቁለት ላይ ግሎ እምቢ አለው። ፈትቼ ያየሁትም፣ ጠግኜ ያነሳኋትም እኔው ነኝ።

ዘምዘም፦ ፍሬኑ ለምን ጋለ?

ወንዳፍራሽ፦ ስለፈጠነ።

ዘምዘም፦ ለምን ፈጠነ?

ወንዳፍራሽ፦ እሱን እንግዲህ እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ።

ዘምዘም፦ እኔም አውቃለሁ። ያን ቀን ሴት ልጄን ለጋብቻ ሊጠይቁ ሽማግሌዎች ቤት ተቀምጠዋል። ምሳው ቀርቧል፣ አባወራው የለም። ደወልኩ፤ «መንገድ ላይ ነኝ» አለኝ። መልሼ ደወልኩ። «ምን ዓይነት አባት ነህ? በሰው ፊት አታዋርደኝ፤ ንዳት!» አልኩት። «እሺ እመቤቴ» ብሎ ስቆ ዘጋው። ከዚያ ወዲያ አላነሳም። እኔ ደግሞ ስልኬን ንቆ ነው ብዬ፣ ጓዳ ገብቼ እየረገምኩት ነበር። ገባዎት? እሱ ገደል ውስጥ ነው፣ እኔ እረግመዋለሁ።

ወንዳፍራሽ፦ ይህን ለማን ነገርሽ?

ዘምዘም፦ ለማን እነግራለሁ? ለቀስተኛው «የአላህ ውሳኔ ነው» ሲለኝ አንገቴን እነቀንቃለሁ። ውሳኔውስ የአላህ ነው፤ «ንዳት» ያለችው ግን ዘምዘም ናት።

ወንዳፍራሽ፦ ተይ እንጂ። ይማም ዕድሜውን መሪ ላይ የጨረሰ ሰው ነበር። ነዳጁን የረገጠው የራሱ እግር ነው።

ዘምዘም፦ ያጽናኑኝ ብዬ አልመጣሁም። ያጥብቡልኝ። ኑርዬ ሲመጣ «አርጅታለች፣ ከእንግዲህ የባቲን መንገድ አትችልም» ይበሉት። ከእርስዎ አፍ ከወጣ ያምናል። እኔን ግን እንዳያነሱኝ።

ወንዳፍራሽ፦ ኧረ እመብርሃን ድረሽልኝ!

ዘምዘም፦ ምነው? ፊትዎ ተለዋወጠ እኮ።

ወንዳፍራሽ፦ ምን ዓይነት ጣጣ ውስጥ ነው የከተታችሁኝ እናትና ልጅ! አደራ ልበላ ነው መሰለኝ። በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤ እናንተ ቤት ግን የማይሸሽግ የለም።

ዘምዘም፦ ልጄ ምን ሆነ? ይንገሩኝ!

ወንዳፍራሽ፦ ኑርዬ ክፈቱልኝ አላለኝም። ያጥብቡልኝ ነው ያለኝ።

ዘምዘም፦ ምን?

ወንዳፍራሽ፦ «ጋሼ፣ ያድክሟት። እናቴ ከጠየቀችዎ አርጅታለች፣ የባቲን መንገድ አትችልም ይበሏት» አለኝ። አሁን አንቺ የነገርሽኝን፣ አንዲት ቃል ሳትጎድል።

ዘምዘም፦ ለምን ብሎ?

ወንዳፍራሽ፦ ፈርቶ ነዋ! አባቱ የሞተባት መኪና እኮ ናት። ቁልቁለቱ አፋፍ ሲደርስ ጎማ የሚያይ መስሎ ይወርዳል፤ ድፍረት እስኪያገኝ ድረስ ይዞራታል። ተሳፋሪው «እንዴት ያለ ጠንቃቃ ልጅ ነው» እያለ ይመርቀዋል። እሱ ሆዬ ላብ አጥምቆታል።

ዘምዘም፦ እኔ ጋ ሲገባ እኮ እየሳቀ ነው የሚገባው። አንድ ቀን እንኳ…

ወንዳፍራሽ፦ «የአባትህን ቦታ ያዝ ብላ የሰጠችኝን ፈራሁ ብዬ ብመልስላት በምን ዓይኗ ታየኛለች?» አለኝ።

ዘምዘም፦ በለቅሶው ድንኳን፣ አጎቶቹ ፊት ነው ቁልፉን ያስያዝኩት። እጁ በረዶ ሆኖ ነበር። ሐዘን ነው ብዬ አለፍኩት። የልብስ ስፌት ሱቄን አልዘጋም ብሎ ቢያንገራግር «አባትህ ተራራ ሲወጣ ሲወርድ ኖሮ አንተ መርፌ ይዘህ ልትቀመጥ ነው?» አልኩት። በዚሁ አፌ ጋሽ ወንዳፍራሽ! አባቱንም ንዳ አልኩት፣ ልጁንም ንዳ አልኩት።

ወንዳፍራሽ፦ አልቅሺ፣ ግድ የለም። እኔም ንጹሕ ነኝ አልልሽም። ትናንት እንደዚያ ሲለኝ «ወንድ ልጅ ሆነህ!» ብዬ ስቄበታለሁ። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም፤ በዚያው ሄደ። ሲቆጨኝ ነው ያደረው።

ዘምዘም፦ ሳቁበት?

ወንዳፍራሽ፦ ሳቅሁበት። ይማም ቢሰማ በመፍቻ ነበር የሚለኝ።

ዘምዘም፦ ይማምስ ከእኔ ይጀምር ነበር።

ወንዳፍራሽ፦ እንግዲህ ምን ይሻላል? ልክፈት? ልዝጋ? ወይስ በነበረችበት ልተዋት?

ዘምዘም፦ በልኳ ይተዋት። ለሚነዳት ሰው ደህና ትሁንለት።

ወንዳፍራሽ፦ ሹፌር ልትቀጥሪ ነው?

ዘምዘም፦ ወይ እቀጥራለሁ፣ ወይ እሸጣታለሁ። የመኪናዋ ነገር ይደርሳል። መጀመሪያ ኑርዬን ልድረስበት፤ አሁን ቤት ነው።

ወንዳፍራሽ፦ ቆይ እንጂ፣ ምን ልትዪው? እኔ የነገርኩሽን አውቄያለሁ እንዳትዪው። ወንድ ልጅ ነው፣ ፈሪ ተባልኩ ብሎ ከተማውን ጥሎ ይሄድብሻል። ዝም ብለሽ ቁልፉን ከተቀበልሽውም ንቃኝ ነው ይላል።

ዘምዘም፦ እሱን ምን በወጣው!

ወንዳፍራሽ፦ እና ምን ብለሽ ነው የምትጀምሪው?

ዘምዘም፦ ፈሪዋ እኔ ነኝ ብዬ።