ብረት አይተነፍስም

መጀመሪያ የሰማሁት ሳል ነበር። ደረቅ፣ የታፈነ ሳል። ከፊቴም ከኋላዬም አልመጣም፤ ከእግሬ ሥር፣ ከመሬት ውስጥ የሚወጣ ይመስል ነበር።

ደባርቅ ላይ ጉም ሲወርድ ሰው የገዛ እጁን ያጣል። አሥራ ሁለተኛን ከጨረስሁ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ብቻዬን መንከራተት ልማዴ ሆኗል። ሰዎች «ያ ሕልመኛ» ይሉኛል፤ አይከፋኝም። የዚያን ዕለቱ ሳል ግን ሕልም አልነበረም። ድንገት ቆመ። ወዲያው የሴት ድምፅ «ጎትቱት! ጎትቱት እንጂ!» ብሎ ጮኸ።

እየሮጥሁ ስደርስ ድምፁ የሚመጣው ከደብራችን የውሃ ጉድጓድ አፋፍ ነው። ቄሰ ገበዙ መምሬ ቃለ አብና ጎረቤታቸው እመት በለጠች ተጋግዘው ገመድ ይስባሉ። እኔም ያዝሁላቸው። ከገመዱ ጫፍ ደምለው ወጣ፤ ጉድጓድ እየጠረገ የሚያድር የሰፈራችን ሰው ነው። ከንፈሩ ጠቁሯል። ተንበርክኮ አስመለሰ፤ ከዚያም አፉን ከፍቶ ጉሙን እንደ ውሃ ይጠጣው ጀመር።

«ምን ገጠማችሁ፣ መምሬ?»

«የዕቃ ቤቱ ቁልፍ ገባች፣ ልጄ ሚናስ። ለመሥዋዕቱ ውሃ ልቀዳ ጎንበስ ስል ክሯ ተበጠሰ። ነገ ክብረ በዓል ነው፤ ልብሱም ጽዋውም እዚያው ተቆልፎበታል።»

«በሩን ብንሰብረውስ?»

«የእግዜርን ቤት በመጥረቢያ? እኔ ሞቼ! ደምለው ትንሽ ይረፍና ይደግማል። እስከ ጉድጓዱ ወገብ ደርሶ ነው የተመለሰው።»

ደምለው ገመዱን ከወገቡ አልፈታም። ዓይኑንም ከጉድጓዱ አፍ ማንሳት አልቻለም። ታላቅ ወንድሙ እንግዳው የዛሬ ሦስት ዓመት በታችኛው ሰፈር ለወደቀ ባልዲ ብሎ ጉድጓድ ገብቶ ሬሳው ነው የወጣው። ያን ዕለት ገመዱን ይዘው የነበሩት እኒሁ መምሬ ነበሩ።

ዝም ልል ነበር፤ ለታላቅ መልስ መስጠት አልለመድሁም። ሆኖም የደምለውን ከንፈር ባየሁ ቁጥር ዝምታዬ ራሱ እንደ ገመድ አነቀኝ።

«መምሬ፣ ይፍቱኝ፤ ይህ ሰው ዳግመኛ ከገባ አይወጣም።»

«ማን ነገረህ?»

«ከንፈሩ። ጉድጓዱ ክረምቱን ሙሉ ተከድኖ ከርሟል። ውስጡ የገባው ቅጠል ሲበሰብስ ክፉ አየር ያወጣል። ከባድ ስለሆነ እታች ይተኛል። እዚያ የተነፈሰ ሰው ሳይታወቀው ይዝላል፤ ልጩህ ቢል እንኳ ድምፅ ያጣል።»

መምሬ ፈገግ አሉ፤ ፈገግታቸው ግን ይንቀጠቀጥ ነበር።

«አስኳላው ይህን አስተማረህ? ልጄ፣ ጉድጓድ ባለቤት አለው። እንግዳውን የወሰደው እሱ ነው። ለዚህ ነው ዛሬ ድርሳን ደግሜ፣ ጸበል ረጭቼ ያስገባሁት።»

«ረጭታችሁም እንዲህ ከሰል መስሎ ወጣ!» አሉ እመት በለጠች። «እንዲያው ባለቤት ካለው፣ አንቱ መምሬ፣ ደጁን ሳያንኳኩ ሰው መስደድስ ነውር አይደለም?»

ማንም አልሳቀም። ተናጋሪዋ ራሳቸውም አልሳቁ።

«መምሬ፣ ጧፍ አለዎት?» አልሁ።

ጧፉን ለኩሼ በቆርቆሮ ጣሳ ውስጥ አቆምሁትና በሲባጎ ቁልቁል ለቀቅሁት። እመት በለጠች በክንድ ቆጠሩ። አምስተኛው ላይ ነበልባሉ አጠረ። ሰባተኛው ላይ ሰማያዊ ሆነ። ስምንተኛው ላይ፣ ነፋስ ሳይነካው፣ ጠፋ። ውሃው ገና አራት ክንድ ይቀራል።

«አየህ!» አሉ መምሬ እያማተቡ። «እፍ ብሎ አጠፋው!»

መከራከር አማረኝ፤ ግን ክርክሩን ብረታ እንኳ ደምለውን ምን ይጠቅመዋል?

«መምሬ፣ እርስዎ መንፈስ ነው ይበሉ፤ እኔ አየር ነው ልበል። ሁለቱም የሚገድሉት የሚተነፍሰውን ነው። ብረት አይተነፍስም። ለምን ብረት አንልክም?»

«ብረት ዓይን አለው?»

«ማግኔት ከሆነ ብረትን ለማግኘት ዓይን አያሻውም። በደጀ ሰላሙ ጥግ የተጣለው የድምፅ ማጉያ ሆዱ ውስጥ ማግኔት አለ።»

«የደብር ንብረት ልትሰብር?»

«ሁለት ዓመት ዲዳ ሆኖ ተጎልቶ!» አሉ እመት በለጠች። «ቅዳሴ ይቀድሳል ብላችሁ ነው የምትጠብቁት?»

መምሬ በእጃቸው ፈቀዱልኝ። በድንጋይ ፈልቅቄ ክቡን ማግኔት አወጣሁ፤ ሲባጎውን በመካከሉ ቀዳዳ አሳልፌ አሰርሁትና ወረወርሁት። ስስበው ጥቁር ጠጉር አብቅሎ ወጣ። መምሬ ወደ ኋላ ሸሹ።

«በስመ አብ! ምንድን ነው ይሄ?»

«የአገራችን ጥቁር አሸዋ ነው፤ ብረት አለበት።» ጠርጌ ጥቂቱን በመዳፋቸው አደረግሁላቸው። በጣታቸው አሹት።

ሁለተኛውም ሦስተኛውም አሸዋ ብቻ ሆነ። ደምለው ተነሣና የወገቡን ቋጠሮ አጠበቀ።

«ተወው፣ ሚናስ። እኔው ልግባ። ኋላ ደምለው ፈራ ሊባል ነው።»

አገራችን ስንቱን ሰው የቀበረው በዚህች ቃል ነው! ፈሪ ከመባል መሞት ይቀላል ይላሉ፤ ሟቹ ግን ስለ ጀግንነቱ የሚወራውን አይሰማም።

«አንድ ጊዜ ብቻ» አሉ መምሬ በለሆሳስ። «ካልሆነ ይገባል።»

አራተኛውን በቀስታ፣ መሬቱን እየዳሰስሁ፣ ከግድግዳው ሥር አሳለፍሁት። ቀጭ! ያለውን በጆሮዬ ሳይሆን በጣቴ ሰማሁት። ትንፋሼን ይዤ ሳብሁ። እመት በለጠች ይቆጥራሉ፤ ስምንተኛው ክንድ ላይ ግድግዳውን ነካብኝ። አልወደቀችም። ቁልፏ እንደ ሌሊት ወፍ ተንጠልጥላ ከጨለማው ወጣች።

መምሬ ቁልፏን ተሳለሙ። ከዚያ ማግኔቱን ተቀብለው አገላበጡት።

«የእንግዳው ጊዜ ባልዲው የቆርቆሮ ነበር» አሉ። «ይህ ያኔም ያወጣው ነበር?»

መዋሸት ፈለግሁ። አልቻልሁም።

«ያኔ ማግኔትም ባላስፈለገ ነበር፣ መምሬ። በገመድ ጫፍ የታሰረ ቆልማማ የብረት ሜንጦ ይበቃ ነበር።»

ጉድጓዱ አፋፍ ላይ ተቀመጡ። ሲናገሩ ድምፃቸው የቄሰ ገበዝ ሳይሆን የደካማ ሽማግሌ ነበር።

«ነገ ከቅዳሴ በኋላ ለሕዝቡ እናገራለሁ። ይህ ማግኔትና አንድ ሜንጦ ከጉድጓዱ አጠገብ ተሰቅለው ይኑሩ፤ ማንም ይዋሳቸው። ቁልፏ ከውሃ በላይ ከሚንሳፈፍ እንጨት ጋር ትታሰር። ከእንግዲህ ለወደቀ ዕቃ ሰው አይወርድም፤ ዕቃ በዕቃ ይወጣል። ይህን ያህል ቀላል ነገር… ይህን ያህል ቀላል…»

አልጨረሱትም።

ደምለው ገመዱን ከወገቡ ፈታ። ሳይቸኩል ጠመጠመው፤ በመምሬ እግር ሥር አኖረው።

«ደምለው፣ ልጄ፣» አሉ መምሬ ቀና ብለው።

አላያቸውም። ጋቢውን አንሥቶ ወደ ጉሙ ገባ።