ያልተቀመሱት የቸኮሌት ጫጩቶች

(የትንሣኤ ዋዜማ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፤ ኮንዶሚኒየም ወጥ ቤት ውስጥ ይትባረክና የስምንት ዓመት ልጁ ናርዶስ በወተት፣ በቅቤና በእንቁላል በጋገሯቸውና ቸኮሌት በቀቧቸው ጫጩት መሳይ ብስኩቶች ፊት ቆመዋል፤ ሚስቱና ናርዶስ “እማማ” የምትላቸው አማቱ ገበያ ሄደዋል።)

ይትባረክ፦ የጣትሽን ጫፍ የምታህል ብቻ። ምላስሽን አስነክተሽ ትተፊዋለሽ።

ናርዶስ፦ አልቀምስም።

ይትባረክ፦ መቅመስ እኮ መብላት አይደለም።

ናርዶስ፦ እሱን ለእማማ ንገራት።

ይትባረክ፦ ለሳቸው የሚነገር ቢሆንማ አንቺን አልለምንም ነበር።

ናርዶስ፦ ሁዳዴን በሙሉ ወተት ያልነካ ምላስ ነው፣ አባዬ። ሌሊት ለሚፈታ ጾም አሁን አላበላሸውም።

ይትባረክ፦ ልክ ነሽ። ይቅርታ፣ እንዲህ ብዬ መጠየቅ አልነበረብኝም። ግን ችግሩ እንዳለ ነው። ውስጡ ያለው ስኳር ነው ወይስ ጨው?

ናርዶስ፦ ስኳር ነው።

ይትባረክ፦ ስለፈለግሽ ስኳር አይሆንም። ማስረጃ ያስፈልጋል።

ናርዶስ፦ እሺ።

ይትባረክ፦ አየሽ፣ አጎቴ ደውሎ እንኳን አደረሰህ ሲለኝ ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ነው የለካሁት። ሁለቱ ጠርሙሶች አንድ ዓይነት ናቸው። ሁለቱም ጎድለዋል። የትኛውን እንዳነሳሁ አላስታውስም።

ናርዶስ፦ እማዬ ክዳናቸው ላይ ጻፍበት ብላህ ነበር።

ይትባረክ፦ ልጽፍ ነበር።

ናርዶስ፦ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ።

ይትባረክ፦ ይሄን ሁሉ ተረት የሚያስተምርሽ ማን ነው?

ናርዶስ፦ እማማ። ስላንተ ስናወራ።

ይትባረክ፦ ጥሩ። ሌላ እንዳንጋግር ካካዎው አልቋል።

ናርዶስ፦ ሌላ አያስፈልግም። እነዚህን ነው የምፈልገው። እማማ ቃል ገብታልኛለች። ጾሙን ከጨረስኩ ከተልባው በፊት የኔ ጫጩቶች ናቸው የሚቀርቡት። የሰው ሁሉ ጾም በኔ ጫጩት ይፈታል።

ይትባረክ፦ አውቃለሁ፤ የምጨነቀውም ለዚህ ነው። ጨው ከሆነ እስክትዳሪ ድረስ ያወሩታል።

ናርዶስ፦ ከተዳርኩም በኋላ።

ይትባረክ፦ ወንድምሽ ናታንስ? እሱ አራት ዓመቱ ነው፤ አይጾምም። አንዱን በልቷል አይደል?

ናርዶስ፦ ጭንቅላቱን። ይጣፍጣል ብሏል።

ይትባረክ፦ ጎሽ!

ናርዶስ፦ ማክሰኞ የገላ ሳሙናውንም ይጣፍጣል ብሏል።

ይትባረክ፦ እውነት ነው። ውሃ ጠይቋል?

ናርዶስ፦ ጠይቋል።

ይትባረክ፦ አለቀልን! ጨው ነው።

ናርዶስ፦ ሁልጊዜ ይጠይቃል። ውሃ ጠጥቶም ውሃ ይጠይቃል።

ይትባረክ፦ እሱን ምስክር ማድረግ አይቻልም። ቆይ፣ እማማ የዶሮ ወጥ ጨው በማሽተት ያውቁ የለ? ሳይቀምሱ?

ናርዶስ፦ ታውቃለች። ክዳኑን ከፈት አድርጋ “አንሶታል” ትላለች።

ይትባረክ፦ እኔም ላሽትተው።

ናርዶስ፦ በጣም ቀረብክ። ቸኮሌቱ ገና አልረጋም።

ይትባረክ፦ ቸኮሌት ቸኮሌት ይላል።

ናርዶስ፦ እማማ አርባ ዓመት ነው የፈጀባት።

ይትባረክ፦ ሌላ ዘዴ አለኝ። መስኮቱ ላይ ጉንዳኖች አሉ። ጉንዳን አይጾምም፣ ስኳር ይወዳል፣ ለማንም አያዳላም። ፍርፋሪ አድርጊላቸው።

ናርዶስ፦ አደረግኩ።

ይትባረክ፦ መጡ?

ናርዶስ፦ መጡ።

ይትባረክ፦ እና?

ናርዶስ፦ ከበቡት። አሁን ቆመዋል።

ይትባረክ፦ ምን እያደረጉ ነው?

ናርዶስ፦ እየተመካከሩ ነው።

ይትባረክ፦ አይበሉም?

ናርዶስ፦ አንዱ ሄደ። ምናልባት ሚስቱን ሊጠይቅ ነው።

ይትባረክ፦ በቃ ተያቸው። እነሱም አይረዱንም።

ናርዶስ፦ አንተስ?

ይትባረክ፦ እኔስ ምን?

ናርዶስ፦ ምንም።

ይትባረክ፦ እኔም እኮ ጾመኛ ነኝ።

ናርዶስ፦ እሺ።

ይትባረክ፦ ይሄ “እሺ” አላማረኝም።

ናርዶስ፦ ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ።

ይትባረክ፦ ምን ለማለት ነው?

ናርዶስ፦ ማታ ዶሮ አለ ለማለት ነው። እማማ ዘንድሮ ፈረሰኛው ለጾመ ሰው ነው ብላለች።

ይትባረክ፦ ፈረሰኛ የአባወራ ነው። ድሮም እንዲሁ ነው።

ናርዶስ፦ ለጾመ አባወራ ነው ያለችው። ካልጾመ ለኔ ነው።

ይትባረክ፦ ገባኝ። እንግዲህ እኔ ከቀመስኩ ፈረሰኛውንም ስሜንም አጣለሁ፤ ካልቀመስኩ ደግሞ አንቺ በሰው ሁሉ ፊት ጨው ታቀርቢያለሽ።

ናርዶስ፦ ጨው ከሆነ።

ይትባረክ፦ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሌሊት ሁሉም አንድ አንድ ጎርሰው ቢተፉት ትከፊያለሽ?

ናርዶስ፦ ቢተፉት? ምንም አልልም። ሽንት ቤት ገብቼ አለቅስና ተልባ እጠጣለሁ።

ይትባረክ፦ ማንኪያ አቀብዪኝ።

ናርዶስ፦ ለምን?

ይትባረክ፦ አቀብዪኝ። ለእማማም እኔው እነግራቸዋለሁ። ፈረሰኛውን ብዪው፣ እኔ ክንፍ ይበቃኛል።

ናርዶስ፦ ተው፣ አባዬ።

ይትባረክ፦ አንዴ ብቻ ነው።

ናርዶስ፦ አትቅመስ! ስኳር ነው አልኩህ እኮ።

ይትባረክ፦ ማስረጃ...

ናርዶስ፦ ለአጎትህ አሜን አሜን ስትል በእጅህ የያዝከው ጨው ነበር። ቀምሼ ቀየርኩልህ።

ይትባረክ፦ ቀመስሽ?

ናርዶስ፦ ከጠርሙሱ ነዋ። ጨው የጾም ነው።

ይትባረክ፦ እና ጉንዳን እስክንለምን ድረስ ዝም አልሽ?

ናርዶስ፦ ዝም አላልኩም። ስኳር ነው ስልህ ስለፈለግሽ አይሆንም አልከኝ።

ይትባረክ፦ ብዬሻለሁ። ግን ደግመሽ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

ናርዶስ፦ እማማ “ያ አባትሽ እስከ ሌሊት ይዘልቃል ብለሽ ነው?” ብላኛለች። ማየት ፈለግኩ።

ይትባረክ፦ ምን ልትያቸው ነው?

ናርዶስ፦ አልቀመሰም።

ይትባረክ፦ ልቀምስ ነበር እኮ።

ናርዶስ፦ እሱን ከጠየቀችኝ ለኔ ብሎ ነው እላታለሁ።

ይትባረክ፦ እግዜር ይስጥሽ፣ የኔ ልጅ።

ናርዶስ፦ ስለ ረቡዕ ከጠየቀችኝ ግን የምላት የለኝም።

ይትባረክ፦ ረቡዕ ምን ሆነ?

ናርዶስ፦ ከትምህርት ቤት ስመለስ በሰርቪሱ መስኮት አየሁህ። ኬክ ቤቱ በረንዳ ላይ፣ ማኪያቶ ይዘህ።

ይትባረክ፦ የጾም ማኪያቶ ነው። በኦቾሎኒ ወተት ነው የሚሠራው።

ናርዶስ፦ ኬኩስ?

ይትባረክ፦ የጾም ኬክም አለ።

ናርዶስ፦ ክሬሙ ጢምህ ላይ ነበር።

ይትባረክ፦ ፈረሰኛው ያንቺ ነው።

ናርዶስ፦ እኔ አልጠየቅኩህም።

ይትባረክ፦ ስለሚገባሽ ነው። ሙሉውን የጾምሽው አንቺ ነሽ።

ናርዶስ፦ ግማሹን አንተ ትበላለህ። አሁን ቶሎ በል፣ የእማማ ድምፅ ደረጃው ላይ ይሰማል።

ይትባረክ፦ ምኑን ነው ቶሎ የምለው?

ናርዶስ፦ አፍንጫህን ጥረግ፤ ስታሸት ቸኮሌት ነክቶሃል። ካየችና ከጠየቀችኝ አልዋሽልህም፣ ጾመኛ ነኝ።