ዝም ያለው አላርም

— ሄሎ? … አዎ፣ ሶፊ ነኝ። … ደገፉ! የቢጠናው ነርሳችን! ቆይ አንዴ… ማቲ፣ እባክህ ያንን መዝሙር ቀንሰው፣ ከክሊኒክ ነው።

— እሺ፣ ቀጥል። … ለምስጋና? ምን አድርጌ? … ሃሃ፣ ከክትባት ፍሪጁ አላርም ተገላገላችሁ! እውነትህን ነው፣ ሲጮህ ጆሮ ያደነቁር ነበር። … ኮምፒውተሩን አፕግሬድ ካደረግኩት ወዲህ አንዴም አልጮኸም?

— ቆይ። አንዴም? መብራት ሲጠፋስ? … ከትናንት በስቲያ ጠፍቶ መጣ፣ ያኔም ዝም አለ?

— ደገፉ፣ እየሳቅኩ አይደለም። ፍሪጁ አጠገብ ነህ? እጅህን አሳርፍበት። … አይንቀጠቀጥም? በሩን ክፈተው። … ይሞቃል? የፍሪጁ ብሬከር ወድቋል ማለት ነው! መብራቱ ሲመጣ ፍሪጁ አልተነሳም።

— ማቲ! የጉኑኖ ክሊኒክን ኮምፒውተር አትንካ! አፕግሬዱን አቁመው አልኩህ! የአላርሙ ፕሮግራም ለሁለት ተከፍሏል። ድሮ አንድ ፓኬጅ ነበር፤ በአዲሱ ሲስተም ሙቀት የሚለካው ለብቻ፣ የሚጮኸው ለብቻ ሆኗል። የሚጮኸውን ለይተን ካልጫንን በራሱ አይመጣም። ለቢጠና አልጫንኩትም!

— ሄሎ፣ ትሰማኛለህ? ስክሪኑ ላይ ቁጥሩ ቀይ ነው አይደል? … አዎ፣ ማን ያየዋል፣ ሲጮህ ነበር የምታዩት። ጥፋቱ የእኔ ነው፣ በኋላ ትሰድበኛለህ። አሁን ፍሪጁን ቆልፍ። አንድም ብልቃጥ እንዳይወጣ።

— ወጥቷል? ማን አወጣው? … ክትባት ሰጪዋ ፈጠነች። ዛሬ ጠዋት። ሙቀቱ አልተሰማትም እንዴ? … «ካልጮኸ ደህና ነው» አለች።

— የምን ክትባት? … የኩፍኝ? አንተ! ኩፍኝ በገባበት ሰፈር!

— አስቁማት። … ጨርሳለች? እናቶቹስ? … ሄደዋል። ወደ ቤታቸው? … ለቅሶ ቤት? የማን ለቅሶ? … ልጁ የሞተው በምንድን ነው? … በኩፍኝ!

— እና እስከ ዛሬ ለምን ሳይደርሱ ቆዩ? … ልጆቻቸው እስኪከተቡ። አንተው ነህ የከለከልካቸው። ዛሬ ደግሞ አንተው ፈቀድክላቸው።

— አይ፣ አልፈርድብህም። ሞተር ያዝና ድረስባቸው! ልጆቹን ይዘው እንዳይገቡ! ክትባቱ ተበላሽቷል፣ አይከላከልም በላቸው! … ምን? ድምፅህ ይቆራረጣል። … ለቅሶ ቤቱ ከመስኮትህ ይታያል? … ገብተዋል? ልጆቹን እንዳዘሉ? ሁሉም?

— ደገፉ? … ሄሎ? … ሄሎ?