የወረዳችን ክርን

ዝናብ ሳይታሰብ ሲወርድ የማይተዋወቁ ሰዎችን አንድ ቆርቆሮ ሥር ያገናኛል። እኔ የምሠራበት የብስክሌት ጥገና ቤት ከዳገቱ ግርጌ፣ ከወንዙ ድልድይ አጠገብ ስለሆነ በክረምት እንግዳ አያጣም። ብቻዬን መዋል የምወድ ሰው ነኝ። ሁለተኛ ደረጃ ከጨረስኩ ወዲህ እጄ ጎማ ሲለጥፍ ሐሳቤ ደመና ላይ ነው የሚውለው። የዚያን ቀን የሰማሁት ክርክር ግን ከደመናዬ አወረደኝና፣ ለሌላም ሰው ይጠቅም እንደሆነ ብዬ ጻፍኩት።

መጀመሪያ የገባችው ቀያሿ ነበረች። የወረዳዎችን ወሰን እንድታጠና ክልሉ የላካት ወጣት ናት። የመለኪያ መሣሪያዋን በዝናብ ልብሷ ጠቅልላ ራሷ በስብሳለች።

"ወንድሜ፣ ደረቁን ቦታ ለእሱ ስጥልኝ። እኔ ብዝግ ማንም አይጠይቀኝም" አለችኝ።

ጥቂት ቆይቶ ሊቀመንበር ገቡ። ወረዳችን ሲቋቋም የመጀመሪያው ሊቀመንበር እሳቸው ነበሩ፤ ሥልጣኑን ከተዉት ስንት ዘመን ቢያልፍም ስሙ አልለቀቃቸውም። የሱሪያቸው ጉልበት በጭቃ ተለውሷል። የደረት ኪሳቸውን በመዳፋቸው ሸፍነው ይዘዋል፤ ከዳገቱ አናት፣ ከወረዳችን ጤና ጣቢያ ያመጡት የእህታቸው የደም ግፊት መድኃኒት ያለው እዚያ ነው።

"ወደቁ እንዴ አባባ?" አልኳቸው በርጩማ እያቀረብኩ።

"ምን እወድቃለሁ፤ መሬቱ ነው ተነሥቶ የሳመኝ።"

ቀያሿ ሳቀች። የማን ፊት እንደተቀመጠች ስላላወቀች በላስቲክ የተሸፈነ ካርታዋን ዘረጋችልን።

"እናንተ የአገሩ ሰዎች ናችሁና ይህን ንገሩኝ" አለች። "ወሰኑ ወንዙን ይዞ ደህና ይመጣና እዚህ ሲደርስ እንደ ክርን ይታጠፋል። ድልድዩን ተሻግሮ ሰባት ቤት ያቅፍና ይመለሳል። ከቤቶቹ ጀርባ ያለው ጤና ጣቢያ ደግሞ የሌላ ወረዳ ነው። ይህን መስመር ያሰመረው ሰው ወይ ሰክሯል ወይ አፍቅሯል።"

"አልሰከርኩም" አሉ ሊቀመንበር።

ቀያሿ ካርታውን እንደያዘች ቀረች። "ይቅርታ አባባ፣ እርስዎ መሆንዎን አላወቅሁም።"

"ተይው ልጄ፣ ልክ ብለሻል። ከእነዚያ ቤቶች አንዱ የእህቴ ነው። ያን ጊዜ ባሏ ሞቶባት ልጆቿን ታቅፋ ቀርታ ነበር። እናታችን ስትሞት እጄን ይዛ 'እህትህ ከዓይንህ እንዳትርቅ' አለችኝ። ወረዳ ሲከፈል እሷን ለሌላ ሰጥቼ እኔ ማዶ ልቀር ነው? ዱላዬን እየጎተትኩ ድልድዩን ተሻገርኩ፤ ቤቷን ዞርኩና ተመለስኩ። አብረውኝ የነበሩት ዝም አሉ፤ መስመሩም ጸደቀ። አሁን እናንተ መጥታችሁ ትቆርጡታላችሁ ይባላል። ነገ ስብሰባው ላይ አልፈቅድም እላለሁ። እኔ እንቢ ካልኩ ደግሞ ሽማግሌው ሁሉ ከኔ ጋር ነው።"

እውነታቸውን ነበር፤ በአገራችን ሸንጎ ሊቀመንበር የተናገሩት ሳይደመጥ አልፎ አያውቅም።

"አባባ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል" አለች ቀያሿ ድምጿን ዝቅ አድርጋ። "ግን ወረዳ ቢቀየር እህትዎ ከአገር አይወጡም። አገራችን ፌዴራል ናት። የአገሩን ዳር ድንበርና የውጭውን ጉዳይ ማዕከሉ ይጠብቃል፤ ክልሉ ሕግ ያወጣል፣ ወረዳዎቹንም ያደራጃል። ወረዳ የተፈጠረው ውሃው፣ ትምህርት ቤቱ፣ ሐኪሙ ሰው ደጃፍ እንዲደርስ ነው። መንግሥት የቱንም ያህል ቢተልቅ ለእህትዎ የሚገባው በወረዳ በር ነው። የእሳቸው በር ደግሞ ዳገት ላይ ተሠራ።"

"በሩ እኔ ነኝ። መድኃኒቷን አመጣላት የለ?"

"ዛሬስ መሬቱ ሲስምዎት ባይለቅዎ ኖሮ?"

ሽማግሌው ኪሳቸውን ዳበስ አደረጉ። ከዚያ ግን እንደ ገና ነደዱ። "እናንተ በየዘመኑ ካርታ ይዛችሁ ትመጣላችሁ። አንዱ ይከፍላል፣ ሌላው ይደርባል። ከላይ ያሉትን ሁለት ወረዳዎች አንድ ሲያደርጓቸው ጽሕፈት ቤቱ ሄደ፣ ሰዉ ቀረ። ይህስ ሹመት ማደላደል እንጂ ምኑ ማሻሻል ነው?"

"እሱ ስሕተት ነበር" አለች ሳታቅማማ። "ወንበር ላይ ተቀምጦ የተሰመረ መስመር እንደዚያ ነው። ለዚህ ነው እኔ በእግሬ የምዞረው። ወረዳ በጣም ሲሰፋ ሰው ይርቀዋል፤ ያለ ልክ ሲበጣጠስም ጽሕፈት ቤት ይበዛና ሐኪም ይጠፋል። መለኪያው የሰው እግር ነው። እህትዎን እኮ አየኋቸው፤ መስኮታቸው ላይ ተቀምጠው የጤና ጣቢያውን በር ያያሉ። ሄደው ሲጠይቁ ግን መድኃኒቱ የተመደበው ለዚያኛው ወረዳ ሰው ነው ይባላሉ። ስድስቱስ ቤቶች አባባ? እነሱ የማን እህት ናቸው?"

እኔ ክርክር ውስጥ መግባት አልወድም። ያን ጊዜ ግን የያዝኩትን መፍቻ አስቀመጥኩ።

"አባባ፣ ሰው ለምን ዳገት እንደሚለኝ ያውቃሉ?"

"ቀስ ስለምትል መስሎኝ" አሉ።

"ከስድስቱ ቤቶች አንዱ የእናቴ ነው። ምጥ ሲመጣባት ከጀርባችን ያለው ጤና ጣቢያ ወሰዷት፤ የናንተ ወደ ላይ ነው ተባለች። አባቴና ጎረቤቶቹ በቃሬዛ ይዘዋት ወጡ። እኩሌታው ላይ፣ ትልቁ ድንጋይ ጋ ተወለድኩ። እኔ ተረፍኩ፤ እናቴ ግን ከዚያ ወዲህ ወገቧ ቀና ብሎ አያውቅም።"

ቂም ይዤ አልነበረም የተናገርኩት። እሳቸውም ለክፋት አላሰመሩትም። ለአንድ ሰው ብቻ የተሠራ ደግነት ግን ሕግ ሲሆን ሌላውን እንደሚያደክም፣ አስተዳደርም ፍቅርን በልክ ማከፋፈል መሆኑን ያን ጊዜ ነው የተረዳሁት።

ዝናቡ ቆመ። ሊቀመንበር ዱላቸውን ወደ ዳገቱ ቀሰሩ።

"ድንጋዩ ጋ ሁልጊዜ አርፋለሁ" አሉ። "ማንም አልነገረኝም።"

"ማን ይንገርዎ አባባ፣ ያፍርዎታል" አልኳቸው።

በዱላቸው ተደግፈው ተነሡና ወደ ቀያሿ ዞሩ። "ስሚ ልጄ። ሰባቱ ቤት ወደዚያኛው ወረዳ ሲሻገር የመድኃኒቱም ምደባ አብሮ ይሻገራል? ሰዉን አሻግራችሁ በጀቱን ማዶ ብታስቀሩት፣ ያኔ እህቴ በሁለቱም በር አትገባም።"

ቀያሿ ካርታዋን አጠፈች። "ይህን ነገ በስብሰባው ይበሉልኝ። እኔ ብናገረው ሐሳብ ነው፤ እርስዎ ከተናገሩት የሕዝብ ጥያቄ ይሆናል። የክልሉ ምክር ቤት የሚወስነው ያንን ሰምቶ ነው።"

"እህቴን ሳልጠይቅ አልናገርም" አሉና በድልድዩ ተሻገሩ። መስመሩን ሲያሰምሩ አልጠየቋትም ነበር።

በማግስቱ ሸንጎው ሞላ። ሊቀመንበር ሲነሡ ሰዉ እንቢታቸውን ጠብቆ ነበር። "ያጠፍኩት እኔ ነኝ፤ አቃኑት" አሉ። "ግን ሰውና በጀት በአንድ ቀን ይሻገሩ።" ከዚያ እናቴ ወደተቀመጠችበት ዞረው ባርኔጣቸውን አወለቁ። እናቴም "ይቀመጡ ወንድም ዓለም፣ እግርዎ ያመዎታል" አለቻቸው።

ምክር ቤቱ ከመረመረው በኋላ መስመሩ ወንዙን ይዞ ቀና። ቀላል አልነበረም፤ መታወቂያ እስኪለወጥ ሰዉ ተጉላልቷል፣ መድኃኒቱም አንድ ጊዜ ዘግይቶ ሊቀመንበር ጮኸው አስመጥተውታል። ዛሬ ግን የሰባቱ ቤት ሕፃናት የሚከተቡት ከጓሯቸው ነው። የጎረቤታችን የአናጢው ሚስት በጤና ጣቢያው አልጋ ላይ ወልዳ በእግሯ ቤቷ ገባች፤ ልጇን ሰፈሩ ሜዳ ብሎ ሰየመው። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሻላል የሚለው ተረት ለመንግሥትም ይሠራል።

ሊቀመንበር ዛሬም በየቀኑ ይወርዳሉ፤ ድንጋዩ ጋ ግን አይቀመጡም፣ በእጃቸው ነካ አድርገውት ያልፋሉ። ትናንት በሥራ ቤቴ ሲያልፉ ኪሳቸው ባዶ መሆኑን አየሁና፣ "ዛሬ ምን ይዘው ነው አባባ?" ስል ቀለድኩባቸው።

"ምንም። እህቴም ይህንኑ ጠየቀችኝ" አሉ። "ድሮ መድኃኒቱን ሰጥተህ ዳገቱ ላይ ሳይመሽብኝ ብለህ ትሮጥ ነበር፤ አሁን ምን ይዘህ መጣህ አለችኝ። ራሴን አልኳት። እንግዲያስ ተቀመጥ አለችኝ።"