ከ2020 በታች የተባሉት ፎልደሮች

የምስክር ቃል

የምስክር ስም፦ ወ/ሮ ፍቅርአዲስ ደመቀ
ዕድሜ፦ 41
ሥራ፦ ፎቶ ቤት
አድራሻ፦ መተማ ዮሐንስ ከተማ
ተጠርጣሪ፦ አኑዋር ጀማሉ
ቃሉ የተሰጠበት ቀን፦ ኅዳር 18 ቀን 2018 ዓ.ም.

ተጠርጣሪውን አኑዋርን አውቀዋለሁ። ተወልዶ የተማረው ሱዳን፣ ገዳሪፍ ነው። ጦርነቱ ሲበረታ ወደዚህ ተሻግሮ ከፎቶ ቤቴ አጠገብ ሞባይል ይጠግናል። በመካከላችን ጠብም ዝምድናም የለም።

ኅዳር 16 ቀን ከሰዓት በኋላ ኮምፒውተሬ ሞልቶ አልሠራ ስላለኝ ጠራሁት። ፎቶ የማስቀምጠው በየዓመቱ አንድ ፎልደር እየከፈትኩ ሲሆን የፎልደሩ ስም ዓመተ ምሕረቱ ነው። አምስት ዓመት ያለፈውን እንዲያጠፋልኝ፣ የቅርቡን ግን እንዳይነካ ነገርኩት። እሱም አንድ በአንድ ከመክፈት ብሎ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ አጭር ትእዛዝ ጻፈ። ትእዛዙ የፎልደሮቹን ስም በየተራ እያነበበ ቁጥሩ ከ2020 ያነሰውን የሚያጠፋ ነው። መጀመሪያ ኮምፒውተሩ እምቢ አለ። ምን አለ ብዬ ስጠይቀው፣ "ያ ኻልቲ፣ ፎልደሩ ባዶ አይደለም ነው የሚለው" አለኝ፤ አክስቴ ማለቱ ነው። ባዶማ ቢሆን መች እጠራህ ነበር ብዬ ሳቅኩበት። ከዚያ ፎልደሩን ከነያዘው ጠራርጎ የሚያነሳ ሌላ ትእዛዝ ተክቶ አስነሳው። "ኻላስ፣ አለቀ" እስኪል ሻይዬ እንኳ አልቀዘቀዘም። በዚህ መንገድ የጠፋ ነገር ወደ ቆሻሻ መጣያው እንደማይገባ የነገረኝ በኋላ ነው።

በማግስቱ ጠዋት ወ/ሮ ያለምወርቅ የምትባል እናት ከፖሊስ ጋር መጣች። እንዳለው የሚባለው ልጇ በሐምሌ 2016 ለሰሊጥ አረም ሱዳን ድንበር ላይ ወዳለው ፋሽጋ ሲሄድ፣ ከወሰደው ደላላ ጋር እኔ ዘንድ ፎቶ ተነስቶ ነበር። ልጁ እስካሁን አልተመለሰም፤ ደላላውም ጭራሽ አላውቀውም ብሎ ክዷል። ፎቶውን ልናወጣ ስንከፍት አንድም ፎልደር የለም። ወ/ሮ ያለምወርቅ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አለች። አኑዋርም ከደላላው ጉቦ ተቀብሎ ነው ያጠፋው ተብሎ ተያዘ።

ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ ይባላል። አንድ ፎቶ መደበቅ የፈለገ ሰው ዘንድሮ የከፈትኩትን የ2018 ፎልደር ከነሙሽሮቹ አያጠፋም። አኑዋር ያደገው በሱዳን ነው፤ የሚቆጥረው በፈረንጅ ነው፤ በፈረንጅ ዘንድሮ 2025 ስለሆነ አምስት ቀንሶ 2020 አለ። እኔ አምናና ካቻምና የምለው ለእሱ ስምንትና ዘጠኝ ዓመት ያለፈው ነው። በእኛ አቆጣጠር መሆኑን ልነግረው አልታሰበኝም፤ እሱም አልጠየቀኝም። ድንበር ላይ እየኖርኩ ይህ እንዴት እንደጠፋኝ ሳስብ በራሴ እናደዳለሁ። ትእዛዙ አሁንም ኮምፒውተሩ ላይ ስላለ ማየት ይቻላል።

ዛሬ ይህንኑ አኑዋር ባለበት በመርማሪው ፊት ለወ/ሮ ያለምወርቅ አስረዳሁ። እሷም አኑዋርን፣ የእናንተ 2016 በኛ ስንት ነው ብላ ጠየቀችው። እሱም አንገቱን ደፍቶ 2008 ነው አላት። "ያኔማ እንዳለው አራተኛ ክፍል ነበር፤ እቤቴ ነበር" አለች። አለቀሰች፤ እኔም አለቀስኩ። ከዚያም ወደ መርማሪው ዞራ፣ "ልቀቁት፤ የሱ እናት እንኳ ደጅ ደጁን አትይ" አለች።

ያየሁትና የሰማሁት ይኸው ነው። የተጻፈው ተነቦልኝ፣ የእኔው ቃል ሆኖ ስላገኘሁትና እውነት ስለሆነ ፈርሜበታለሁ።

የምስክር ፊርማ፦ ፍቅርአዲስ ደመቀ
ቃሉን የተቀበለው፦ ረዳት ሳጅን ቻላቸው አየነው