በጋሞኛ የተናገረው ኢየሱስ

ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከኋላዬ ሁለት ሴቶች በጋሞኛ ያወሩ ነበር።

«እሁድም ቤተ ክርስቲያን ቀረሽ።»

«መጥቼ ምን ልሁን? መጸለይ አቅቶኛል አልኩሽ እኮ!»

«በአንድ ፊልም ምክንያት?»

«በቁምስናችን ያሳዩን ፊልም ላይ ኢየሱስን ሆኖ በጋሞኛ የሚናገረው ማን መሰለሽ? የልጆቼ አባት ነው!»

«አውቃለሁ። መቼም ድምፁ ያምራል።»

«ማማሩማ ያምራል! በዚያው ድምፅ አይደል እንዴ ‹ነገ እመለሳለሁ› ብሎኝ ምዕራብ ዓባያ ሄዶ ሌላ ያገባው?»

«ቀስ በይ፣ ሰው ይሰማል።»

«ይስማ! መቁጠሪያዬን ይዤ ‹ጌታ ሆይ› ስል እሱ ይመልስልኛል። ‹ይቅር በይ› ይለኛል። እሱ! እኔን!»

«ለአባ ለምን አትነግሪያቸውም?»

«ነገርኳቸው። ‹ፊልሙን እርሺው ልጄ› አሉኝ። አሥራ አንድ ዓመት አብሬው የኖርኩትን ድምፅ በምን ልርሳው?»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ትናንት ተናደድኩና በአማርኛ ጸለይኩ። እሱ እንደሆነ አማርኛ አይሆንለትም።»

«ተሳካልሽ?»

«ምን ይሳካል! ለእኔስ መቼ ይሆንልኛል? ‹እባክህ› ካልኩ በኋላ ቃል አጥሮኝ ዝም አልኩ።»

«ጌታስ?»

«እሱም ዝም አለ።»

«እና?»

«እናማ ዝም ብለን ተቀመጥን። እንደዚያ ስንቀመጥ ግን የማንም ድምፅ አልነበረውም።»

መውረጃዬ ዶርዜ ነበር፤ «ወራጅ አለ» ሳልል አለፈኝ።