እንደ መስታወት የሚያበሩ መብሻዎች

«ፀሐይዋ በረታች አይደል? ግቢ፣ ግቢ... በሩን አትዝጊው፣ ነፋስ ይግባ።»

እማማ ቆዳ ሰፊዋ ይህን ያሉት የቦርሳዋን ዚፕ ልታስቀይር ለመጣችው ጎረቤታቸው ነው። የልጃቸው ባል መስኮቱ ስር ተቀምጦ ስልኩን ይነካካል። ጠረጴዛው ላይ ወረቀት አስቀምጦላቸዋል፤ ከፈረሙበት ሱቁ የእሱ ይሆናል። ይረፉ ብሎ ነው።

«ልጆች ደህና ናቸው? እሰይ። እኔማ ተመስገን፣ የሚያስብልኝ ሰው ሞልቶ... እነዚህን መብሻዎች አየሻቸው? ቆዳ የምበሳባቸው? አሥራ ሁለት ናቸው። ከአሮጌ ብረት ክምር ለቅሜ፣ ላምባ ውስጥ ዘፍዝፌ፣ ዝገቱን በጨርቅ፣ ስለቱን በድንጋይ... ሦስት ወር ከአራት ቀን ፈጀብኝ። ሞኝ ነኛ! አንድ የተማረ ሰው ልርዳ ብሎ አሥራ አንዱን በአንድ ከሰዓት ጨረሳቸው፣ በኤሌክትሪክ መሳያ፣ እሳት እያስተፋ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል ነበር፤ ዘንድሮ እንቁላሉ መኪና ገዛ።

እይው እንጂ ሲያበራ! ፊትሽን እያየሽበት ፀጉርሽን ማበጠር ትችያለሽ። ጫፉ ላይ ያለችው ሰማያዊ ቀለምስ? አርባ ሦስት ዓመት ስሠራ ብረት እንዲህ አምሮበት አላየሁም። ሰማያዊ እስኪሆን ከጋለ ስለት አይይዝም ይሉ ነበር የድሮ ሰዎች። የድሮ ሰው ምን ያውቃል?»

መብሻውን ቆዳ ላይ አቁመው በእንጨት መዶሻ አንዴ መቱት። ጫፉ ተጠቀለለ። የእማማ ፊት አልተለወጠም።

«አየሽ ትህትናውን? ቆዳውን ላለመጉዳት ጎንበስ አለ። ጠዋት ስድስቱን ሞክሬያለሁ፤ ስድስቱም እንዲሁ ጨዋ ናቸው... አሳዳጊ አልበደላቸውም። መቼም የማያውቁት ሥራ አይከብድም።

ደግነቱ ደግሞ! የሚያስበው ለመብሻ ብቻ መሰለሽ? ያረጀ ነገር ካየ እንቅልፍ አይወስደውም፤ አብርቶ፣ አሳምሮ... ከሥራ ያሳርፈዋል። እንዲህ ያለ ሰው ስንት ቤት አለ?»

ከሽርጣቸው ኪስ አንዲት የጠቆረች መብሻ አወጡ።

«ይቺ ምስኪን ኪሴ ውስጥ ተረስታ ሳትታደስ ቀረች። መልክ የላትም፤ የምታውቀው መብሳት ብቻ ነው። ቆይ ልሞክራት... ከስር ወረቀት ቢጤ ሲነጠፍ ጥሩ ነው። ይሄ ይሆናል።»

አንዴ መቱ። ለፊርማ ከተተወው ቦታ ላይ ትንሽ ክብ ቁራጭ ወደቀች። መስኮቱ ስር ስልክ መነካካቱ ቆመ።

«ውይ... ጽሑፍ ነበረበት እንዴ? ዓይንዎ ደክሟል ተብያለሁ፤ እውነት ሳይሆን አይቀርም። ዚፕሽን ነገ ውሰጂ። ለዚያ ሰው ግን ሳልመርቅ አላድርም። ሴት ልጅ ይስጠው፤ ትደግለት፣ ትዳርለት። እሱም ሸብቶ፣ ጎብጦ፣ ሱቅ ከፍቶ ይኑር። ያን ጊዜ እግዜር የሚያሳርፈው አማች አያሳጣው... ቁርጥ ራሱን የሚመስል።»